አለቃነቱ ለማን እንደደረሰ

ውድ አባዬ፣

ከቀበርንህ ስምንት ወር ሆነን። ቅዳሜ ዕለት ለእኛ ለማሽፒ ዋምፓኖግ ጎሳ አዲስ አለቃ ተመረጠ፤ ወሬውን ከሌላ ሰው ሳትሰማ እኔ ልንገርህ ብዬ ነው።

አያቴም አለቃ ነበር፣ አንተም አለቃ ነበርክ፤ ስለዚህ ቀጣዩ ወንድሜ ራስል ነው ብለን ሁላችንም ደምድመን ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ቅናት ያንገበግበኝ ነበር። የትምህርት ቤት አውቶቡስህን አቁመህ ባሕሩ ሲጎድል ዛጎላሙን ክላም ለምግብ ልትቆፍር ስትወርድ፣ አብሬህ ጭቃው ውስጥ የምገባው እኔ ነበርኩ። ራስል እንደሆነ ጫማው ይበላሽብኛል ብሎ ይሰጋል። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብለኸኝ አታውቅም። በዚህ ተቀይሜህ እንደኖርኩ ሳልነግርህ ሞትክብኝ።

ቅዳሜ አለቃ የሚመርጡት የጎሳው እናቶች አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። ታላቅ እህትህ ሎቪና ከዘራዋን ተደግፋ ተነሳች።

«ራስል፣ አለቃ መሆን ትፈልጋለህ?»

ላብ አጠመቀው። «አክስቴ፣ እውነቱን ልናገር? ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«እሱንማ እናውቃለን፤ ስታንኮራፋ ሰምተንሃል» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ኔልዳ፣ ምን ይጎልትሻል? ነይ ወዲህ!»

«እኔ? አባዬ እኮ እኔን አስቦኝም አያውቅም!»

«አንቺ ሞኝ! ያን ሁሉ ዓመት ጭቃ ውስጥ ይዞሽ የገባው ለክላም ብሎ መሰለሽ? መሬታችን የት ድረስ እንደነበር፣ ማን ከማን እንደተጣላና እንዴት እንደታረቀ የነገረሽ እዚያ አይደለም? ‹ተተኪዬ እሷ ናት› ብሎ ስምሽን ከሰጠን ስድስት ዓመቱ ነው። ‹አትንገሯት፣ ከሰማች ቦስተን ትጠፋለች› ብሎ አስምሎናል።»

አባዬ፣ እያለቀስኩ ሳቅኩ። ደግሞ እውነትህን ነው፣ እጠፋ ነበር!

እሑድ ጠዋት ገና ቁርስ ሳልበላ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በወንዙ ዳር ባለ መረብ መጣያ ቦታ ይገባኛል ተጣልተው በሬን አንኳኩ። የሄሪንግ ዓሣዎቹ እንቁላል ሊጥሉ ወንዙን ሽቅብ መውጣት ጀምረዋል። ሁለቱንም አዳመጥኳቸውና «እናንተ ተጨቃጨቁ፤ ዓሣዎቹ ግን እየሄዱባችሁ ነው» አልኳቸው። ተያዩና ሮጡ። ቀትር ላይ ሁለቱም አንድ አንድ ባልዲ ዓሣ አመጡልኝ።

ቂሜ ወጥቶልኛል፤ አንተም ዝምታዬን ይቅር በለኝ። ከስሜ ጎን ማዕረጉን እስካሁን የትም አልጻፍኩትም፤ መጀመሪያ ላንተ ይሁን ብዬ ነው።

ልጅህ፣
አለቃ ኔልዳ