ቁልቁለቱን በፎሌ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከጠዋቱ 1፡30፣ ሚኒባስ ውስጥ

ከሐይቅ ወደ ደሴ። ተሳፋሪ ሆኜ! ሠላሳ ዓመት ሰው የጫንኩ ሰውዬ ዛሬ የኋላ ወንበር ላይ ከአንዲት ሴትዮ ዶሮ ጋር ታጭቄያለሁ። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። ሴትዮዋ አያ፣ አሞሃል እንዴ ትለኛለች። ፍሬን እየያዝኩ ነው አልላት ነገር።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። መንጃ ፈቃድ ለማደስ የተሃድሶ ስልጠና ግድ ነው ተባለ። አምስት ቀን ሙሉ። የሕዝብም የጭነትም ሾፌር አይቀርለትም። ቅጥቅጧ አውቶቡሴ ደጅ ቆማለች። እኔን መንዳት ሊያስተምሩኝ! አቦ ተውኝ።

ከቀኑ 11 ሰዓት። አሰልጣኛችን ሴት ልጅ ናት፣ ወ/ሪት ሰላም። የኔን የመጀመሪያ ልጅ ብታክል ነው። አንዱ ከኋላ፣ ለመሆኑ ከባድ መኪና ነድተሽ ታውቂያለሽ ብሎ ጠየቃት። የአባቴን ተሳቢ ከሚሌ ደሴ አመላልሼ ነው ያደግሁት አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቁልቁለት በፎሌ የሚወርድ እጁን ያውጣ አለች። ፎሌን አንቺ ደብተሬ አታውቂውም፤ ማርሹን ነጻ ትለቂዋለሽ፣ ሞተሩ ጎማውን አይይዝም፣ መኪናው በገዛ ክብደቱ ይንደረደራል። ናፍጣ ይቆጥባል። ሁላችንም አወጣን። እኔማ ሁለቱንም እጄን ላወጣ ምንም አልቀረኝ። ይቺን ጥበብ ለስንቱ አስተምሬያለሁ። ለእህቴ ባል ለይማምም፣ አላህ ይርሐመውና፣ እኔው ነኝ ያስተማርኩት።

ሰላም አልተቆጣችም። ነገ በመኪና አሳያችኋለሁ አለች። ትሞክረው እስቲ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። 11 ሰዓት

ሚኒባሱ እስኪሞላ ልጻፍልሽ።

ከከተማው ወጣ ያለ ቁልቁለት። የስልጠናው አይሱዙ አሸዋ ጭኗል። ሰላም መጀመሪያ በሁለተኛ ማርሽ ወረደች። ታች ቆማ በፍሬኑ ብረት ላይ ውሃ አፈሰሰች። ውሃው ፈሰሰ፣ በቃ። ተመልሳ ወጣች። አሁን በፎሌ፣ ቀስ ብላ፣ ፍሬን ብቻ እየያዘች። ታች ደርሳ ውሃውን ስታፈስበት ጭሽሽ! እንፋሎት ብቻ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫችንን ሰነፈጠው።

ሞተሩ ካልያዘ ፍሬኑ ሸክሙን ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ ሸራው አዲስም ቢሆን ብረቱን አይነክስም አለች። አዲስም ቢሆን! ናፍጣውም አይቆጠብም አለች፤ ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጁ ካነሳህ ሞተሩ ያኔም ናፍጣ አይጠጣም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አሁን ስሚኝ። ይማም የዛሬ ሦስት ዓመት ሲሚንቶ ጭኖ በአምባሰል ቁልቁለት ሲወርድ ገደል ገባ። ብቻውን ነበር። ፍሬን እንቢ ብሎት ነው ተባለ። ሸራውን በዋዜማው የቀየረለት አባተ ነው፣ የሐይቁ መካኒክ። ስለዚህ ገዳዩ አባተ ሆነ። ማን አለ? እኔ! ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ደረቱን ገፍቼ ከድንኳን ያስወጣሁት እኔ። ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ ሁሉ መኪናውን ደሴ ወስዶ ነው የሚያሠራው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነን፣ አንድ እድር፤ አንድ ላይ እንቀብራለን፣ አባተንም አንድ ላይ ፊት ነሳነው። ቀብር አይቀርም ምስኪን፤ መጥቶ ጥግ ላይ ብቻውን ይቀመጣል።

የባሰውን ልንገርሽ። ገደል ወርጄ የይማምን ዕቃ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማርሹ ፎሌ ላይ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም በልቤ፣ ያስተማርኩትን አልረሳም ብያለሁ። ያ ረቢ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ልቀር ነበር፤ ሄድኩ። ሰላም፣ ጋሽ ሁሴን ምን ሆኑ አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት።

ብተወውስ? ይማም አይነሳ። እህቴ ዘሃራ ገና አሁን ነው ሳቅ የጀመረችው። ልጆቹም አጎታችን ይሉኛል። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

አባተ ግን በቁሙ ሞቷል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ፈተናውን አለፍኩ። ስለ ፎሌ ጥያቄ ነበረበት። በትክክል መለስኩ። ነጥብ ሰጡኝ! ጓደኞቼ እንኳን ደስ ያለህ ሲሉኝ አፈርኩ።

ሐይቅ እንደወረድኩ ወደ አባተ ጋራዥ። ባጃጅ በጎኑ አስተኝቶ ይፈታል። ሲያየኝ መፍቻውን አስቀመጠ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሊደበድበኝ መጣ ሳይል አይቀርም። ሁሉንም ነገርኩት፣ እየተንተባተብኩ።

አውቃለሁ አለኝ።

በአደጋው ማግስት መኪናውን ለመጎተት ጠርተውት ነበርና ማርሹን አይቷል። ታዲያ ሦስት ዓመት ስንሰድብህ ምን ዝም አሰኘህ አልኩት። ሁለት ልጅ ታቅፋ ለምታለቅስ ሴት፣ ባልሽ በገዛ እጁ ነው ልበላት? እኔን ብትጠላ ይቀላታል ብዬ ነው አለ። ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለው። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ባጃጅ ተደግፌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። እሱ ነው አይዞህ የሚለኝ!

አሁንም ተወው፣ ሟች አይወቀስም አለኝ። እንዴት አድርጌ ልተወው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ለዘሃራ ነገርኳት። የልጆቹን ልብስ እያጠበች ነበር። ስነግራት ማጠቧን አላቆመችም። ያንኑ አንድ ሸሚዝ ብቻ ደጋግማ ታሻለች። ነገ ለቅሬው እናገራለሁ ብዬ ጨረስኩ። ሂድልኝ አያ አለችኝ። ሄድኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 14። ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ዛሬ 3 ሰዓት የቅሬ ስብሰባ አለ። ቆርጫለሁ፣ ተነስቼ እናገራለሁ። አባተ እንዳለው ሟች አይወቀስም። የምወቅሰው አስተማሪውን ነው። ከተሰበሰበው ሾፌር ግማሹን ፎሌ ያለማመድኩት እኔ ስለሆንኩ እነሱም ይስሙ። ስሜ ይጠፋል። ይጥፋ! የአባተ ሦስት ዓመት ጠፍቶ የለም እንዴ? ግን ደብተሬ፣ ፈራሁ። ገደል አፋፍ ላይ ሆኜ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

2፡40። ዘሃራ መጣች። በሩ ላይ ቆማለች፣ ግቢ ብላት አትገባም። ዓይኗ አብጧል። ይቅር አላልኩህም አለችኝ። ግን ብቻህን አትሄድም፣ ተነስ አለችኝ።

ልነሳ