ያለ ሟች የተተከለው ድንኳን

ለውድ እህቴ ለማንጠግቦሽ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ እትዬ? ያ ራስ ምታትሽ ተወሽ ወይ? የልጆቹስ ጉንፋን? ባለቤትሽ ጋሼ ተክለጻድቅ ጤናቸውን እንዴት ናቸው? ሁልጊዜ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን እልሽ ነበር፤ ዛሬ ግን እውነቱን ልጽፍልሽ ነው። በፖስታ ያልላክሁትም ለዚህ ነው። ሾፌሩ ባህሩዲን በእጅሽ ይሰጥሻል፤ አንብበሽ አቃጥዪው።

የወንዶቹና የሴቶቹ እድር ታረቁ። መንገድ ላይ ፊት ይዟዟሩ የነበሩት ሁለቱ የእድር ዳኞች፣ ባለሱቁ አቶ ከሊፋና ወይዘሮ ቆንጅት፣ ባንድ አግዳሚ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ ብልሽ ታምኛለሽ? ለሰፈሩ ሰላም ሲባል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንዲተጋገዝ፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን እንዲጦሩ፣ ወደ ጪጩ የሚወስደው ድልድይ እንዲጠገን ተማማሉ። ድልድዩ አልቋል። ድንጋይ ስሸከም ትከሻዬ ተልጦ ይኸው እስካሁን ያመኛል።

ከዚያ የሁለቱን እድር ድንኳን ሰፍተው አንድ አደረጉት። ስፌቱ ልክ መሆኑን ለማየት ብለው ቅዳሜ ረፋድ ላይ እኛ ግቢ ተከሉት፤ ሰፊ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ አላሰቡም። ሰው ሳይሞት ድንኳን ይተከላል እንዴ ብል፣ ወይዘሮ ቆንጅት ገና በልጅነትሽ አረጀሽ ብለው ሳቁብኝ።

ካስማው ተመትቶ ሳያልቅ ሰው መግባት ጀመረ። ማንም አልጠራም፣ ጥሩምባ አልተነፋም። ዘንድሮ ለቅሶ መቀመጥ መከልከሉን ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ የጪጩ ሰዎች ገቡ፤ ቀጥሎ ከሩቁ ከወርቃ በአውቶቡስ የመጡ፣ አይቻቸው የማላውቃቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ። ከወርቃ የተነሱት ድንኳኑ ሳይተከል መሆን አለበት። አንዷን የማንን ለቅሶ ብለሽ መጣሽ ብላት፣ መርዶ ለባለቤቱ እንዴት ይነገራል ብላኝ አቀረቀረች። ሊበትኑ ከመጡት የቀበሌ ጥበቃዎች አንዱ ጠመንጃውን ደጅ አስደግፎ ገባና ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

እናታችን ከገደብ ገበያ ስትመለስ ግቢዋ በለቀስተኛ ተሞልቶ አገኘችው። ሸክሟን አውርዳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የሐዘንተኛው ቦታ ላይ ተቀመጠች። አቶ ከሊፋ እግሯ ላይ ወድቀው፣ ስፌቱን ለማየት ነው የተከልነው፣ የሞተ የለም ብለው ለመኗት። እሷ ግን የሞተማ ባይኖር ይህ ሁሉ ሰው አይመጣም፤ የሞተው የታሰረው ልጄ ይርጉ ነው አለች። ድንኳን ደግሞ ያለ ሐዘንተኛው ፈቃድ አይነሳም። እስካሁን እንደቆመ ነው። ሰዉም መምጣቱን አልተወም። ፈራሁ እትዬ።

እዚያ እናንተ ዘንድ ባለው እስር ቤት ለይርጉ ስንቅ የምታመላልሺለት አንቺ ነሽ። በባህሩዲን እጅ ቆጮና ቅቤ ልኬያለሁ፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ ውሰጂለት። ዘበኞቹ ከተቀበሉሽ በዚያው በባህሩዲን መልእክት ላኪልኝ፤ ድንኳኑን በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ። ከእንግዲህ አታምጪ ካሉሽ ግን ምንም አትጻፊ። ቆጮውን መልሰሽ ላኪው፤ ይገባኛል።

አቶ ከሊፋና ወይዘሮ ቆንጅት አንገታቸውን ደፍተው ሰላም ይሉሻል። ለጋሼ ተክለጻድቅ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እናታችን የይርጉን ስም ከሰላምታው አውጪው ብላኝ ነበር፤ አላወጣሁትም። ወንድሜን ይርጉን ሰላም በይልኝ።

እህትሽ አሰፋች
ዲላ፣ ግንቦት 14 ቀን 1970 ዓ.ም.