ሰኞ ቆሶዬ እንሄዳለን

ጎንደር፣ ጥር 1980 ዓ.ም.

ውድ ምናለ፣

የሰላምታውን ዝርዝር ልተወው፤ አንተ እንደሆንክ የደብዳቤ መግቢያ ስታነብ ታዛጋለህ። በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ሰኞ ቆሶዬ እንሄዳለን። ጥምቀት አለፈ፣ ተማሪዎችህም የሴሚስተር ዕረፍት ላይ ናቸው። ብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከወሰደህ ወዲህ የጻፍክልኝ የመጨረሻው ደብዳቤ «ለትምህርት ዕረፍቱ ፈቃድ ይሰጡኛል፤ ያለ እኔ ቆሶዬን እንዳትረግጪ» ይላል። ከዚያ በኋላ ድምፅህ ጠፋ። እኔ ግን ቃልህን ይዤ ሽር ጉድ እያልኩ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? እኔ ሁለቱንም ሆኜልሃለሁ።

የመጀመሪያውን ጉዟችንን ታስታውሳለህ? ገና አልተጋባንም ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪ ይዞ ሽርሽር መውጣት እንዲህ ያለ መከራ መሆኑን ማን ነገረኝ! እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ስላለ ሰኞ ይሁን አልክ። የይለፍ ወረቀቱን አንተው ተሰልፈህ አወጣህ። ከቆሶዬ አፋፍ ወደ ገደሉ ሥር የሚወርደውን የእግር መንገድ በእናቴ ግቢ መሬት ላይ በእንጨት ስለህ አስረዳኸን። ከዚያ ደግሞ ገመድ ይዘህ መጣህ! «ገመዱ ምን ይሠራል?» ብልህ፣ «ተራራ ነዋ!» አልከኝ። የከተማ ሰው ሁሉ ልጆቹን እየጎተተ ለሚንሸራሸርበት መንገድ! ገመዱም ያገለገለው የጓደኛህ የአድማሴ ጫማ ሶሉ ሲላቀቅ ለማሰሪያ ብቻ ነው።

እኔም ከአንተ ላለማነስ ሁለት ቀን ጓዳ ውዬ የቋንጣ ፍርፍሩን፣ የተቀቀለውን እንቁላል በአገልግል አጭቄ መጣሁ። አንተና አድማሴ፣ እኔና እህትህ ወይንሸት፣ ከአፋፉ ሥር ባለችው መስክ ላይ ተቀመጥን። ቆላው እስከ ሳንጃ ድረስ ከሥራችን ተዘርግቷል። ጭላዳዎቹ ሣራቸውን እየነጩ በጎን ያዩናል። አገልግሉ ተከፈተ። አንተ እንቁላሉን ልጠህ ወደ አፍህ ስታስጠጋ፣ አህያቸውን እየነዱ የአካባቢው ገበሬ አያ ነጋ ብቅ አሉ።

«ሸጋ ሸጋ ልጆች ናችሁ» አሉ ቆም ብለው፤ «ምነው ታዲያ፣ ነነዌ ገባ እኮ!»

ወይኔ ጉዴ! ሁሉን አቅደህ፣ መንገዱን በእርምጃ ለክተህ፣ ጾም መግባቱን ማናችንም አላሰብነውም። አድማሴ መቼም አፉ አያርፍ፣ «አያ፣ ዮናስም መንገደኛ ነበር፤ ለመንገደኛ ይፈቀዳል» ብሎ ሊከራከር ሞከረ።

«ለመንገደኛስ እሺ» አሉ አያ ነጋ። «እናንተ ግን ሽርሽረኞች ናችሁ።»

እንቁላሉን መልሰህ ስታስቀምጥ ፊትህን ብታየው! ጾሙ እስከሚፈታበት ሰዓት ድረስ እሳቸው ጋ ቁጭ አልን፤ ከዚያ ከስልቻቸው ባቄላ ቆሎ ዘግነው ሰጡን። ወደ ላይ ስንመለስ ያን ሙሉ አገልግል የተሸከምከው አንተ ነህ። ዳገቱ መሀል ላይ አድማሴና ወይንሸት ቀደም ሲሉ፣ ላብህን እየጠረግህ «እቴነሽ፣ ከእንግዲህ ለሌላ ወንድ እንዳትቀቅይ» አልከኝ። ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ አንተ ግን በእንቁላል ጠየቅከኝ! በባዶ ሆዴ እስኪያመኝ ሳቅኩ። መልሴን አልሰጠሁህም፤ አንተ ግን ሳቄን እሺታ አድርገህ ቆጠርከው፤ አልተሳሳትክምም።

ዘንድሮ እንደዚያ እንዳንዋረድ መሪጌታ ሐብተ ማርያምን አስቀድሜ ጠየቅኳቸው። ነነዌ የሚገባው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው፤ ይኼኛው ሰኞ ፍስክ ነው። ይለፉንም አውጥቻለሁ፣ ስምህንም አስጽፌያለሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ስምህን ሲጽፍ ቀና ብሎ አላየኝም። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አድማሴና ወይንሸት ለምክክር መጡ። አድማሴን ታውቀዋለህ፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብትለው «ማን አለ?» የሚል ሰው ነው። በጧቱ አውቶቡስ እንሂድ አልኩ፤ እሺ አለ። እስከ ታች እንውረድ አልኩ፤ እሺ አለ። ነገሩ አላማረኝም። ልፈትነው ብዬ «ከአዘዞ በእግር እንነሳ» አልኩት። አዘዞ እኮ በደቡብ ነው፣ ቆሶዬ በሰሜን! ድሮ ቢሆን ከተማውን በሳቅ ያፈርሰው ነበር።

«እሺ እቴነሽ፣ እንዳልሽው ይሁን» አለኝ።

ወይንሸትን ዞር ብዬ አየኋት። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ተከናንባለች። «ጉንፋን ነው» አለች ሳልጠይቃት።

ያኔ ሁሉም ነገር ይገጣጠምልኝ ጀመር። ጠዋት ሆስፒታል የክፍል ኃላፊያችን «ነገ እረፊ» አለችኝ፤ ለዓመት በዓል እንኳ ፈቃድ የማትሰጥ ሴትዮ። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ከጎረቤታችን አጥር ጥግ ተደርድረዋል። እነአድማሴ እንደወጡ ደግሞ ጎረቤታችን እማማ ሽታዬ ገና በቀን ራት ይዘውልኝ መጡ። «ብዪ ልጄ፣ እህል ቅመሽ» እያሉ ከፊቴ አልነሳ አሉ። «ነገ ጠዋት ቤት ነሽ አይደል?» ብለውም ሁለቴ ጠየቁኝ።

ምናለ፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ አላጣውም። ሐዘንተኛዋ በልታ፣ አርፋ እንድታድር ይደረጋል፤ ዘመድ በጎረቤት ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው ከፊት ሆኖ በሩ ይንኳኳል። እኔም ስንት ቤት ከኋላ ተሰልፌ ሄጃለሁ፤ ስንቷን ሴት ፊት ለፊቷ እየሳቅኩ ራት አብልቻለሁ። የእማማ ሽታዬን ራት እስከ መጨረሻው በላሁላቸው። ማወቄን ቢያውቁ አሁኑኑ ይነግሩኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ይቺን ቀን ፈለግኋት።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። በአፌ ብዬህ የማላውቀውን ልበልህ፦ እወድሃለሁ። ዳገት ላይ ከጠየቅከኝ ቀን በፊትም እወድህ ነበር፤ እንዳትኮራብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ። አሁን ኩራ፣ የኔ ጌታ።

ነገ ይመጣሉ። በሩን እከፍትላቸዋለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ደረቴን እደቃለሁ፤ የሚገባህን አላጎድልብህም። እስካሁን ግን ማንም ምንም አልነገረኝም። ስለዚህ ስማኝ፦ ሰኞ በማለዳ አውቶቡስ ተራ እጠብቅሃለሁ። መስኮቱን ለአንተ እለቅልሃለሁ። ስንወርድ አንተ ትቀድማለህ፣ ስንመለስ እኔ። ከደከመህ እናርፋለን፤ የሚያጣድፈን የለም።

ነገ የሚሉኝን ይበሉኝ። ዛሬ ባሌ በሕይወት አለ።

ሚስትህ
እቴነሽ