ሰሙን ብቻ ያነበበ ደላላ

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2008

ሁለተኛው ደላላም ተቀበለኝ። ሦስት ሳምንት ዝም ብሎኝ ከርሞ ዛሬ ጠዋት «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ኢሜይል ላከ። ኮምፒውተር ቤቴን ገና ሳልከፍት በስልኬ አነበብኩት፤ በሩ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ደላላ የምላቸው እኔ ነኝ። እነሱ ራሳቸውን የማስታወቂያ ኔትወርክ ይላሉ። ሥራቸው ግን ያው ድለላ ነው፤ ማስታወቂያ ያለውን ሰው ድረ ገጽ ካለው ሰው ያገናኛሉ። ሦስቱን እየፈተንኩ ነው፤ አንዱን እመርጣለሁ። ለሦስቱም ስም አውጥቻለሁ።

ችኩሉ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተቀበለኝ። ማን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቀም።
ዝምተኛው፦ የዛሬው።
ጠያቂው፦ እስካሁን እየጠየቀ ነው። የድረ ገጹ ባለቤት ማን ነው፣ ጽሑፉ የማን ነው፣ በምን ቋንቋ ነው። ለጋብቻ እንኳ ይህን ያህል አይጠየቅም።

ድረ ገጹ የየኔታ የቅኔ ትምህርት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እየተየብኩ፣ ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የሠራነው። ከአገር የወጡ የቅኔ ቤት ልጆች ሁሉ ያነቡታል። አሁን ራሱን እንዲችል ነው የምፈልገው። የኔታ ግን ማስታወቂያ ሊገባበት ነው ሲባል ሰሙ። ትናንት «ቅዳሜ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ነውር ካየሁ ሁሉንም በዚያው ቀን ታወርጂዋለሽ» አሉኝ። ማስታወቂያውን ብቻ አይደለም ያሉት። ሁሉንም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ችኩሉን አንድ ገጽ ላይ ጫንኩት። ግማሽ ሰዓት አልቆየም። «ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ይዞታል» እያለ ቀይ መስኮት ይከፍታል፤ ሲዘጉት ሌላ ይከፍታል። ነቅዬ ጣልኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

ዝምተኛው ጨዋ ይመስላል። የአውሮፕላን ትኬት፣ የሰዓት ማስታወቂያ። ገጹን ትንሽ ያዘገየዋል። በእኛ ኔትወርክ ትንሽ ማለት ብዙ ነው።

ጠያቂው መልስ ሰጠ፦ አማርኛ ከማንደግፋቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው አለ። ተናደድኩ። ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩለት። ቅኔ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያነበው፣ ለምን ነውር እንደማይወጣበት። ሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ማብራሪያም ጨመርኩ። እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ መጻፌን ሳየው ራሴን አደነቅሁ።

ከጎኔ ያለው ሱቅ የአቶ ሰይድ ነው፤ ብርድ ልብስና ጃንጥላ ይሸጣሉ። እሳቸውም ማስታወቂያ ማስነገር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ደላሎቹን ከሌላኛው፣ ከአስነጋሪው በኩልም እየፈተንኳቸው ነው። ዝምተኛው ማስታወቂያ በሚያደርስባቸው ከተሞች ዝርዝር ውስጥ ከኢትዮጵያ ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው። የጠያቂው ውስጥ ከተማችን ደብረ ማርቆስ አለች። አጻጻፏ ጠማማ ነው፤ ግን አለች። አቶ ሰይድን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ከማን ጎን እንደሚያስቀምጡኝስ አውቃለሁ?» አሉኝ። ይህን ያህል ስፈትን ይህን ጥያቄ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ደብተሬ ላይ አንደኛ አድርጌ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

መብራት የለም። ከጠዋት እስከ ማታ። የጠያቂውን ደንብ አስቀድሜ አትሜው ስለነበር ቁጭ ብዬ አሰመርኩበት። አንድ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ፦ የማይፈልጉትን የማስታወቂያ ዓይነት ማስከልከል ይቻላል። ዝምተኛው እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

አቶ ሰይድ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ፊታቸው ቀልቷል። ከሱቁ ሰው እስኪወጣ ጠበቁ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ከመምህሩ ቅኔ ጎን የሴት እግር አለ።»

አለ። እስከ ጭኗ። ለቁስቋም በተቀኙት ጎን።

«እኔ እዚህ ጎን ብርድ ልብሴን አላቆምም» አሉ አቶ ሰይድ። የኔታ ሊመጡ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል።

ዝምተኛውን ከየገጹ ነቀልኩ። ከዚያ ለምን ይህን እግር እንዳመጣው ፈለግሁ። አገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከየገጹ ሥር ለውጭ አገር አንባቢ ብዬ በእንግሊዝኛ ቁልፍ ቃላት ጽፌያለሁ። «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ቃል በቃል ተርጉሜዋለሁ። ደላላው አማርኛ አያነብም፤ ያነበበው ያቺኑ የእንግሊዝኛ መስመር ነው። ሰም አገኘ። በእነሱ ዘንድ ሰም ሴቶች የእግራቸውን ፀጉር የሚነቅሉበት ነው። ወርቅም አገኘ፤ ከገጹ ግርጌ «አሮጌ ወርቅዎን እንገዛለን» ይላል።

መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ቁልፍ ቃላቱን በየገጹ አስተካከልኩ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ፈጀብኝ። አሁን «ቅኔ» በራሱ ስም ተጽፏል። ያልገባው ጠይቆ ይረዳ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠያቂው ጻፈ። ደብዳቤዬን ሰው አንብቦታል፤ ማሽን አይደለም። በልዩ ፈቃድ ተቀበለኝ። ቁማር፣ መጠጥ፣ ውበት፣ ፍቅረኛ ፍለጋ፣ ሁሉንም አስከለከልኩ። የአቶ ሰይድም ማስታወቂያ እኛ ገጽ ላይ ብቻ እንዲወጣ መርጬ ላክሁ። በዚህ ከተማ ሦስት ደላላ ከሁለት ወገን የፈተነ ሰው ካለ ይምጣና እንነጋገር።

የቀሩኝ የኔታ ናቸው። የእግሩን ነገር ልንገራቸው ወይስ ልተወው? ሌላ አይቶ የነገረኝ የለም። አቶ ሰይድ አይናገሩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ነገርኳቸው። ገና ሳይቀመጡ።

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። እኔ የሦስት ዓመቱን ሥራ በልቤ እየተሰናበትኩ ነበር።

«ማሽኑ ቅኔ አልተማረም» አሉ። «ሰም አየ፣ ሰም ሸጠ። አንቺ ግን ተምረሻል። ለማያውቅ ሰው ሰሙ ሰም ተብሎ ይሰጣል?»

«ተሳስቻለሁ፣ የኔታ።»

«ተሳስተሻል። በይ አሳዪኝ።»

አንድ በአንድ አሳየኋቸው። አንድም ገጽ አላስዘለሉኝም። አንዱ ላይ ቆሙ፤ «ይህ የሰይድ ብርድ ልብስ አይደለም?»

«ነው።»

«እኔም አለኝ። እስካሁን አልሳሳም።»

እስከ መጨረሻው ገጽ ደረስን። ደላሎቹን ማን እንደፈተናቸው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ብቻሽን? ብቻዬን። በትራቸውን አንስተው ተነሡ።

«ይቆይ» አሉ።

አንድ ቃል ናት። እሳቸው ከወጡ በኋላ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። የደስታ ነው፤ ትንሽም የድካም።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ከተቀመጡት መምህራን መካከል ሆነው አስጠሩኝ። እዚያ ሴት ቆማ ስትናገር አይቼ አላውቅም። «እንዴት እንደፈተንሽ ንገሪያቸው» አሉኝ።

ነገርኳቸው። የችኩሉን ቀይ መስኮት፣ የጠያቂውን ጥያቄ። እግሩ ላይ ስደርስ የኔታን አየኋቸው፤ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱንም ተናገርኩት። መምህራኑ ሳቁ። በእኔ አይደለም፤ በደላላው ነው የሳቁት። በነጠላዬ ግማሽ ፊቴን ሸፍኜ የጀመርኩትን ተገልጬ ጨረስኩ።

ከመርጡለ ማርያም ለበዓሉ የመጡ አንድ አረጋዊ መምህር ነበሩ። ሁሉ ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። «የእኔን ቅኔ ብሰጥሽ ከጎኑ ምን ታቆሚበታለሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ አይተው ካልፈቀዱ ምንም» አልኳቸው።

«አስብበታለሁ» አሉ።

ያስቡበት። እኔ ግን ቤት እንደገባሁ የገጻቸውን ርእስ ተይቤ አስቀምጫለሁ።