በጤፍ የተቃኘው ኦርኬስትራ፦ የአቶ ቢተው አወቀ የሕይወት ታሪክ (1944 – 2017 ዓ.ም.)

«ቢተው ጆሮ የለውም።»

ይህችን ወሬ የመካነ ሰላም ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰምቷታል። የምትወጣው ከአንድ አፍ ነው፤ ከባለ ወፍጮው ከአቶ አምባቸው። እርሳቸው እንደሚሉት የአዲስ አበባው ኦርኬስትራ አልፈረሰም፤ ድምፅ ከድምፅ መለየት ያቃተውን አንድ ሰው ብቻ አውጥቶ ጣለ፤ ያም ሰው አገሩ ገብቶ የሰው ልጅ ሰብስቦ ያደነቁራል። አቶ አምባቸው ይህን በሠርግ ተናግረዋል፣ በእድር ስብሰባ ተናግረዋል፣ እህል ሊያስፈጩ ለመጡ የማያውቋቸው የከላላ ሰዎች ሳይቀር ተናግረዋል። ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ስለሚሰሙን፣ ታሪኩ ከሥሩ ጀምሮ እንዲህ ይነበብላቸዋል።

አቶ ቢተው አወቀ ከአባታቸው ከአቶ አወቀ ደርሶ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቄ ይመር፣ በቀድሞው ወሎ ጠቅላይ ግዛት በቦረና አውራጃ፣ ግራር አፋፍ በተባለው መንደር በሚያዝያ ወር 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል በአጥቢያቸው ካህን ዘንድ ከቆጠሩ በኋላ መካነ ሰላም ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በዚያም ከአቶ አምባቸው ጋር በአንድ ዴስክ አራት ዓመት ተቀምጠዋል። ፍቅሩም ንትርኩም የተጀመረው እዚያ ዴስክ ላይ ነው።

በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው በአንድ የጦር ክፍል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተቀጠሩ። ከአንድ ዓመት በኋላም ወደ ሲምፎኒ ኦርኬስትራው ተዛወሩ። የደረሳቸው መሣሪያ ኦቦ ነበር፤ እንደ ዋሽንት በእጅ ተይዛ የምትነፋ፣ አፏ ላይ ሁለት ስስ የሸምበቆ ልጥ የታሰረባት ጥቁር እንጨት። ማንም አልፈለጋትም ነበር፤ ትንፋሽ ትጨርሳለች፣ ሸምበቆዋም በየሳምንቱ ይበላሻል። እርሳቸው ግን በልጅነታቸው እንጨት ፍቀው ያደጉ ሰው ስለነበሩ ሸምበቆውን ራሳቸው እየፋቁ ሃያ ዓመት ነፏት። ሰባ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ተቀምጦ፣ እርሳቸው መሐል። አርባ አንድ መስመር ዕረፍት ቆጥሮ በአርባ ሁለተኛው ላይ ሳይቀድሙና ሳይዘገዩ መግባት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው፤ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚያወራ አያውቀውም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ኦርኬስትራውም አብሮ ተበተነ። ፈረሰ ማለት ፈረሰ ነው፤ ሰባ ሁለቱም በየአገሩ ገባ። አቶ ቢተው ኦቦዋን ጠራርገው ለዕቃ ቤቱ አስረከቡ፤ ከአንድ የአናጢ መሣሪያ ሣጥን በስተቀር በእጃቸው ምንም ሳይዙ ወደ መካነ ሰላም ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የወላጆቻቸውን መሬት እያረሱ፣ በከተማው የበርና የመስኮት ሥራ እየሠሩ ኖሩ። በ1985 ዓ.ም. ከወይዘሮ የኔአለም ጌጡ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ሙዚቃ አንድ ቃል አልተናገሩም። በ1990 ዓ.ም. ክረምት ግን ቤት ውስጥ ማሲንቆ መሥራት ጀመሩ። አንድ ሠሩ፣ ሁለት ሠሩ፣ አምስተኛው ላይ ወይዘሮ የኔአለም፦

«ሰውዬ፣ ለማን ነው ይኼ ሁሉ?» አሏቸው።

«ለኦርኬስትራው።»

«የቱ ኦርኬስትራ?»

«እስኪ ቁጭ በይ፤ ገና ነው።»

ኦርኬስትራ አዳራሽ ይፈልጋል። በከተማው ሠላሳ ሰው የሚችል ባዶ ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የአቶ አምባቸው የእህል መጋዘን። ይህን ባለ ታሪኩም ሳይሸሽጉ ይናገሩት ነበር፤ አቶ አምባቸው ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ቁልፉን ሰጡ። «ጆሮ የለውም፤ ግን ጓደኛዬ ነው፤ ምን ላድርገው» ብለው ነው የሰጡት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ፦ ወፍጮው ለማንም አይቆምም።

መጋዘኑና ወፍጮ ቤቱ የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ የሰው ጥርስ ሳይቀር ይዘምራል። ጥቅምት 8 ቀን 1991 ዓ.ም. ዘጠኝ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰቡ ጌታው አቶ ቢተው ምን እንደሚያደርጉ ሁሉም ጠበቀ። እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆርቆሮው ላይ ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ ዘወር ብለው «ያውላችሁ፤ በሱ ተቃኙ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመካነ ሰላም ኦርኬስትራ የተቃኘው በአቶ አምባቸው ወፍጮ ነው። ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚቃኝ ጠይቆ ያወቀ አልነበረም። እንዲሁ በወፍጮ መቃኘትም ቀላል አይምሰላችሁ። ባቄላ ሲገባ የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፣ በቆሎ ሲገባ ይንገጫገጫል፣ ባዶውን ሲዞር ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ቀጥ ብሎ የሚረጋው ጤፍ ሲፈጭ ነው። ስለዚህ ኦርኬስትራው ክሩን ይዞ ጤፍ የያዘ ሰው እስኪመጣ ይቀመጣል። አቶ አምባቸውም ከወዲያ ማዶ ሆነው፦

«ቢተው! ጤፍ ገብቷል፤ ተቃኙ!» ብለው ይጮኻሉ።

«የማን ጤፍ ነው?»

«ምን አገባህ የማን ይሁን! ጆሮ ለሌለው ሰው ነጩም ቀዩም አንድ ነው!»

ዘጠኙ ተማሪ በስድስት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ሆነ። አሥራ አንድ ማሲንቆ፣ ስድስት ክራር፣ ባለ ታሪኩ ራሳቸው በወፍጮው ድምፅ ልክ የበሷቸው ሰባት ዋሽንት፣ የድሮ ባልደረቦች የላኳቸው አራት ቫዮሊን፣ ሁለት ከበሮ፣ አንድ ደግሞ የሰው ቁመት የሚያህል ትልቅ ማሲንቆ፤ እሱ የበሬ ቆዳ ተወጥሮበት ለወፍራሙ ድምፅ የተሠራ ነው። «ይኼ ሲምፎኒ ነው?» ብለው የሳቁ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ሰው አራት የተለያየ ዜማ ይዞ፣ በአንድ እጅ ተመርቶ፣ በአንድ ጊዜ ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከጨረሰ ሲምፎኒ ነው። ሳቂዎቹ ሦስት ሆነው አንድ መዝሙር አንድ ላይ ጨርሰው ያሳዩን።

ከበሮውን የሚመታው ሁዜይፋ ነው፤ ዛሬ የኦርኬስትራው መሪ የሆነው። አባቱ ሸኽ ሃሩን ቁርዓን እያስቀሩ ልጆች የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ልጁ መንዙማ ላይ ድቤ ሲመታ አቶ ቢተው ውጭ ቆመው ሰምተው በማግስቱ ሽማግሌ ሳይልኩ ራሳቸው ሄዱ። ሸኽ ሃሩንም «ልጁን ውሰደው፤ ሶላቱን ግን መልስልኝ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት የአሱር ሶላት ሲደርስ ልምምድ ቆሟል፤ በዐቢይ ጾምም ከቅዳሴ በፊት ተጀምሮ አያውቅም። ሰዓቱን የሚያስታውሱት ደግሞ ብዙ ጊዜ አቶ ቢተው ነበሩ፦ «ሁዜይፋ፣ ሂድ፤ አባትህ እኔን ነው የሚጠይቁት» እያሉ።

ኦርኬስትራው ወረኢሉ ተጫውቷል፣ ማሻ ተጫውቷል። ከላላ ሲሄድ ትልቁ ማሲንቆ በበቅሎ ተጭኖ ገበያው መሐል ሲገባ፣ ሰው አስከሬን መስሎት ከመንገድ ዘወር ብሎ ራሱን ገልጦ ቆመ። አቶ ቢተውም ሳይስቁ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው አለፉ።

አሁን የደሴው ይነገር፤ ይህን ሸሽጎ ማለፍ ለአቶ አምባቸው ሜዳውን መልቀቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. ኦርኬስትራው ደሴ ተጋብዞ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ ፒያኖ ተጫዋች ጋር እንዲጫወት ተባለ። ፒያኖው አንድ ጊዜ ተመታ፣ ኦርኬስትራውም አንድ ጊዜ መታ፤ አዳራሹ ጥርሱን ነከሰ። ኦርኬስትራው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ተገኘ! የማሲንቆ ጭራ ይጠብቃል፤ የተበሳ ዋሽንት ግን ምን ይደረጋል? ሰባቱ ዋሽንት ነፊዎች እንዲቀመጡ ሐሳብ ቀረበ። አቶ ቢተው ግን ወደ ፒያኖው ሄደው፦

«ልጄ፣ አንተ ብትወርድልን ይቀላል። ሁሉንም አንድ ቁልፍ ወደ ግራ» አሉት።

«አባቴ፣ ይኼ እኮ ከባድ ነው።»

«እናውቃለን። ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ የተላክኸው።»

ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ተጫወተ፤ ሰውም ቆሞ አጨበጨበ። ነገር ግን ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ መካነ ሰላም ገባ። አቶ አምባቸው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ፦ «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም? ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ተናገርኩ!» ሁዜይፋም በእልህ ስልኩ ላይ መቃኛ ጭኖ መጣ፤ ስልኩም ኦርኬስትራው ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝቅ ብሎ እንደኖረ መሰከረ። ተማሪዎቹ አቀረቀሩ። በቤታቸው ያደገችው የወንድማቸው ልጅ ሉሊት፣ ከእርሳቸው ደብተር ላይ ብቻዋን ኖታ ማንበብ የተማረችው፣ አንድ ነገር እንዲሉ ለመነቻቸው። አንድ ቃል፤ ለስማቸው ሲሉ።

አቶ ቢተው «ጥሩ፤ በስልኩ እንቃኝ» ብቻ አሉ። ቫዮሊኑም ማሲንቆውም ክራሩም በስልኩ ተቃኘ። ከዚያ ከወዲያ ማዶ ጤፍ ገባ። ወፍጮው አንድ ነገር ይላል፣ ኦርኬስትራው ሌላ ይላል፤ ሁለቱ መጋዘኑ ውስጥ ሲጋጩ ጆሮ ያሳክክ ነበር። አሥር ደቂቃ አልቆዩም። አቶ ቢተው በትራቸውን አስቀመጡና፦

«ስልኩ አልዋሸም። ስልኩ ግን የአምባቸው ጎረቤት አይደለም» አሉ። ሁሉም መልሶ በጤፉ ተቃኘ።

እንዲያም ሆኖ ሰው ሁሉ የተስማማው በአንድ ነገር ነበር፦ ጌታው አያውቁም ነበር፤ ስልክ መጥቶ አስተማራቸው። የሚወዷቸውም እንኳ «ቢሳሳቱስ፣ ሰው አይደሉም?» ይሉ ነበር። እርሳቸው መልስ ሰጥተው አያውቁም። መንገዱ በተዘጋባቸው ወራት፣ አውቶቡስ ሳይገባ ሲከርም፣ መጋዘኑ ውስጥ የሚቃኝ ኦርኬስትራ ግን አልጠፋም።

አቶ ቢተው ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ማክሰኞ ማለዳ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ሐሙስ ጥር 22 ቀን በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የኔአለም ሌላ ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ ያሳደጓትን ሉሊትን፣ ሠላሳ አንድ ተጫዋቾችን እና አንድ አፈኛ የዴስክ ጓደኛ በሕይወት ትተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጉባኤ ይደምርልን፤ ዱዓ ያደረጋችሁ ጎረቤቶቻችንም አላህ ዱዓችሁን ይቀበል። የተቀመጡበት ቦታ ቀጥ ያለ ድምፅ የማይጠፋበት ይሁን። አሜን።

ይህ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ከሄደ በኋላ፣ ትናንት ረቡዕ ከሰዓት የሆነ ነገር ስላለ፣ የሚከተለው በእጅ ከተጻፈ ወረቀት ይነበባል፤ በታተመው ላይ አትፈልጉት።

ሁዜይፋ የጌታውን የመጨረሻ ሣጥን በራሳቸው መሣሪያ እየሠራ ነበር። አቶ አምባቸው ከማክሰኞ ጀምሮ ወፍጮውን አቁመው፣ ሳንቃ እየያዙለት ከጎኑ ተቀምጠዋል። ምስማር ሲፈልግ ከአናጢው መሣሪያ ሣጥን ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች ሁለት ጥርስ ያላት ብረት አገኘ። የመቃኛ ሹካ ናት፤ ሲመቷት ኦርኬስትራ ሁሉ የሚቃኝበትን ድምፅ የምትሰጥ። ሁዜይፋ ጉልበቱ ላይ መታትና እግሯን በአዲሱ ሣጥን ክዳን ላይ አሳረፋት። ሣጥኑ በሙሉ ድምፅ ሰጠ። ቫዮሊኗን ይዛ አጠገባቸው የነበረችው ሉሊት ክሯን ነካች፤ ከሹካዋ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

«ድገመው እስኪ» አሉ አቶ አምባቸው። ደገመው። ስለ ጆሮ ግን ምንም አልተናገሩም።

ከጨርቁ ውስጥ በአቶ ቢተው እጅ የተጻፈች፣ ጠርዟ ቢጫ የሆነ ብጣሽ ወረቀት ነበረች። እንዲህ ትላለች፦ «የአምባቸው ወፍጮ ጤፍ ሲፈጭ ከዚህች ሹካ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። በሱ እንቃኛለን። ጥቅምት 4 ቀን 1991 ዓ.ም.»

የመጀመሪያው ልምምድ የተደረገው ጥቅምት 8 ቀን ነው።