ከወንበሩ ሥር ያገኘኋት እንጨት

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ልጄ፤ የያዝከው ሁሉ ይቅናህ፣ ክፉ አይንካህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የእህትህ ልጅ ጥርስ አብቅሏል፤ የጓዳውም ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል።

አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትቷት የሄደውን አሮጌ የስፖርት መኪና አሠራኋት። የፍሬኗ ቱቦ ዝጎ ዘይቱ ይንጠባጠብ ነበር። ጎረቤታችን መካኒኩ «እማማ፣ የመዳቡ ይሻላል፤ በእጅ ይታጠፋል» ቢለኝ፣ «ባለቤቴ መዳብ በንዝረት ይሰነጠቃል ይል ነበር» ብዬ የብረቱን አስገዛሁት። አሮጌውን ቱቦ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ አጋድሞ አዲሱን በእሱ ልክ ሲያጥፍ ዋለ። ጠረጴዛው እስካሁን ዘይት ዘይት ይላል።

ከገጠመው በኋላ ከቱቦው ውስጥ አየሩ እንዲወጣ ፔዳሉን የሚረግጥለት ሰው ጠፋ። እኔ ገባሁ። ለካ አጥሬያለሁ፣ እግሬ አልደርስ አለኝ! እጄን ከወንበሩ ሥር ብሰድ፣ ልጅ ሳለህ ፍሬን ሲሠራ ስትረግጥለት እግርህ እንዲደርስ አባትህ ፔዳሉ ላይ ያስርልህ የነበረውን ያችን እንጨት አገኘኋት። አሰርኳት። መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ «ይርገጡ!» ሲለኝ፣ ልክ እንዳንተ «ረገጥኩ አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። እሱ በሳቅ ፍርስ አለ። እኔም መሪውን ይዤ ደግሜ ረገጥኩ።

አንተም እዚያ ፍሬንህ ሲላላ ቸል እንዳትል፤ ነገ ነገ ማለት ትወዳለህ። በሄድክበት ሰው አይጥፋብህ፣ በሰላም ይመልስህ።

መኪናዋ አሁን ሲረግጧት ቀጥ ትላለች። እንጨቷን ግን ከፔዳሉ አልፈታኋትም፤ አንተ መጥተህ ፍታት።