ከወረዳችን አንድ ሰው

ጥር 7

የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስን የፍሬን ሸራ ቀየርኩ። ሾፌሯ "ባለፈው ወርም ቀይረኸው ነበር እኮ" አለች። እግርሽን ፍሬኑ ላይ ባትተክዪው አይበላም ነበር፣ አልኳት። ሳቀች። ጡረታ ወጥቼም የትምህርት ቤቱ ጋራዥ አልለቀቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከምክር ቤት አባላችን፣ ከስትሪብሊንግ ቢሮ። ስለ መምረጥ መብት ማመልከቻህ እንነጋገር፣ ና፣ ይላል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ና ብሎኝ አያውቅም።

ጥር 12

ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል አስጠበቀኝ። ግድግዳው ላይ ቅድመ አያቱ ተሰቅለዋል፣ ጢማቸው ደረታቸው ድረስ። በ1890 የሚሲሲፒን ሕገ መንግሥት ከጻፉት አንዱ ናቸው። ቁጭ ብለው፣ ጥቁር ሰው የሚሠራው ወንጀል የትኛው ነው ብለው ለቅመው ጻፉ። ስርቆት፣ ሐሰተኛ ሰነድ፣ በትዳር ላይ ትዳር... ይህን የሠራ ዕድሜ ልኩን አይመርጥም። ነፍስ ገዳይ ያኔ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ ከአንድ እንጨት ነጋዴ አራት ግንድ ሰረቅሁ። አሥራ አራት ወር ታሰርኩ፣ ወጣሁ፣ አገባሁ፣ ሚስቴን ቀበርኩ። እነሱ ዘንድ ዛሬም ሌባ ነኝ።

መውጫው አንድ ነው። በስሜ ሕግ መውጣት አለበት፣ ለእኔ ብቻ። በሁለቱም ምክር ቤቶች፣ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ። ይህን ያህል ወግ ለአራት ግንድ።

ስትሪብሊንግ በልጄ ዕድሜ ነው።

"ኦዜል፣ እንዴት ነህ ሰውዬው?"

"ደህና ነኝ፣ አቶ ስትሪብሊንግ።"

"አሁን በስተርጅና መምረጥ ምን አስመኘህ?"

ምን ይባላል? ፀጉር ቤት ወሬ ሲነሳ "አንተ ዝም በል፣ ድምፅ የለህ" ይሉኛል ልበለው? ሚስቴ ኮሪን፣ ነፍሷን ይማርና፣ መርጣ ስትመጣ ማንን እንደመረጠች አትነግረኝም ነበር ልበለው? "ይሄ የመራጮች ወሬ ነው" ትለኝ ነበር እየሳቀች። ሳትነግረኝ ሞተች።

"ሰው ልሁን ብዬ ነው" አልኩት። ጻፈው።

ጥር 18

ከአምልኮ በኋላ ሉዴላ ክንዴን ያዘችኝ። የኮሪን ታላቅ እህት። ለካ እሷም አመልክታለች። የሷ በትዳር ላይ ትዳር ነው። የመጀመሪያው ባሏ ቺካጎ ሄዶ ቀረ፣ ፍቺውን ጨርሻለሁ ብሎ ጻፈላት፣ ውሸቱን። ሌላ ስታገባ ተከሰሰች። አንድ ቀን አልታሰረችም፣ የመምረጥ መብቷ ግን ሄደ።

"ሁለታችንም በአንድ ዓመት! ኮሪን ይሄን ብታይ..." አለች። ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ።

የካቲት 2

ስትሪብሊንግ ሁለታችንንም ጠራን። የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ሰብሳቢ ዘንድሮ ፊቱን አጥቁሯል አለ። ከአንድ ወረዳ አንድ ሰው፣ ከዚያ በላይ አላይም ብሏል አሉ።

"እኔ መምረጥ አልፈልግም፣ ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ" አለ ስትሪብሊንግ። "ዘመዳሞች አይደላችሁ? ተነጋገሩና ማን እንደሆነ ንገሩኝ። እስከ አሥራ አምስት።"

ስንወጣ ለየራሳችን አንዳንድ ከረሜላ ሰጠን። ተቀበልን። አመሰገንን ደግሞ።

የካቲት 4

ሉዴላ ቤት። አምባዛ ጠብሳ ጠበቀችኝ። ማን ይብላው።

"ኦዜል፣ እኔ ስድሳ ዘጠኝ ሆነኝ። ስኳሩ ዓይኔን እየበላው ነው። አንተ የከርሞ ሰው ነህ።"

"ከርሞን ማን አየው?"

"አንተኮ ሰርቀህ ነው። እኔ አግብቼ ነው።"

"ሁለት ጊዜ።"

ሹካዋን አስቀመጠች። "ኮሪን ሌባ ላገባ ነው ስትል፣ እናታችን ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ነግራህ ታውቃለች?"

አልነገረችኝም። እናታቸውን እኮ እኔ ነኝ ያስታመምኳት። ቡናዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

የካቲት 8

ፓስተር ዊግፎል "ዕጣ ጣሉ፣ ሐዋርያትም ጥለዋል" አለ። እሺ አልኩ። ሉዴላ እምቢ። "መብቴን ቁማር አልጫወትበትም።" ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ዞራ፣ "ደግሞ ሌባ ዕጣም ይሰርቃል" አለች። ሳቁ። ኮቴን እየለበስኩ ነበር፣ አልሰማም ብለው ይሆናል።

የካቲት 9

ቀኑን ሙሉ ያለፈውን ኅዳር ሳስብ ዋልኩ።

ያኔ ሉዴላን ምርጫ ጣቢያ በመኪናዬ ያደረስኳት እኔ ነኝ። "ደውዬ ብጠይቅ ስምሽ መዝገቡ ላይ አለ አሉኝ፣ እንግዲህ እኔ ምን ልበል?" አለችኝ መንገድ ላይ። በሁለተኛው ባሏ ስም መዝግበዋታል፣ ማንም አላጣራም። ገባች፣ መረጠች፣ ወጣች። ደረቷ ላይ "መርጫለሁ" የሚል ተለጣፊ ለጥፋ። "አንተም ሞክር እንጂ፣ አይጠይቁም እኮ።" ፈራሁ። መሪውን ጨብጬ ቁጭ አልኩ። እሷ እስከ ቤቷ ድረስ ስታንጎራጉር ሄደች። ያን ቀን ነው የጠላኋት። ነው እንዴ? አዎ፣ ያን ቀን ነው።

ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

የካቲት 11

ለስትሪብሊንግ ነገርኩት።

የካቲት 12

"ሊያውቁት ይገባል ብዬ ነው፣ አቶ ስትሪብሊንግ። ኋላ ቢሰማ እርስዎን ያሳፍራል።" እንዲህ ነው ያልኩት። አፌ ቅቤ። መዝገቡ ላይ ስሟ እንደነበረ፣ ደውላ እንደጠየቀች... ያንን አልነገርኩትም። አልጠየቀኝማ።

ከዝርዝሩ ያወጧታል፣ በቃ፣ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም። አላሰብኩም? ገና ከወንበሬ ሳልነሳ ስልኩን አንስቶ "ሆጅን አገናኙኝ" ሲል ሰምቻለሁ። ሆጅ የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ነው። ባርኔጣዬን ይዤ ወጣሁ።

መጋቢት 3

ሉዴላን ወሰዷት። ለቀብር ምግብ ስታዘጋጅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና፣ ሽርጧን እንዳደረገች። ፓስተር ዊግፎል "ማን ነግሯቸው ይሆን?" አለኝ። እንጃ፣ አልኩት። የልብሱን አመድ እያራገፈ አየኝ፣ ሲጋራ ትቻለሁ ብሎን ነበር።

ሆጅ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። "የምርጫችንን ንጽሕና ያጎደፈን ሰው ሽበቱ አያድነውም።" ዘንድሮ እሱም ይወዳደራል።

መጋቢት 27

ጃክሰን፣ የግዛቱ ዋና ከተማ። የታችኛው ምክር ቤት ሰገነት ላይ ተቀምጬ አየሁ። ስሜ ተነበበ፣ ወንጀሌ ተነበበ፣ ዓመቱ ተነበበ። የሚከራከር የለም። አንዱ ሳንድዊች እየበላ በግራ እጁ ቁልፉን ተጫነ። አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ አለፈ።

ከእኔ በፊት ስሙ የተነበበው ሰው ድምፅ አጥቶ ወደቀ። ለምን? ማንም አልተናገረም። አጠገቤ ነበር የተቀመጠው፣ ከሚስቱ ጋር። "ምን አሉ? ምን አሉ?" ትለዋለች። እንኳን እኔ አልሆንኩ፣ አልኩ በሆዴ።

ሚያዝያ 15

የላይኛውም አለፈ። ሕግ ሆነ። ስሜ ያለበት የሚሲሲፒ ሕግ። ለማን ልንገረው?

ሰኔ 10

የሉዴላ ፍርድ ቤት። ሆጅ ምስክር አድርጎ ጠራኝ። ከመግባታችን በፊት ኮሪደር ላይ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ኦዜል፣ አንተ ነህ ያደረስካት አይደል? ግብረ አበርም ሊያሰኝህ ይችላል። አዲስ መብት አግኝተሃል፣ ጠብቀው።"

ገባሁ። "ማን አደረሳት?" እኔ። "ስትገባ አይተሃል?" አይቻለሁ።

ጠበቃዋ ተነሳ። መንግሥት ያቆመላት፣ እጅጌው የረዘመበት። "አቶ ተርንቦ፣ ያን ቀን መንገድ ላይ፣ ደውዬ ጠይቄ ስምሽ አለ አሉኝ ብላዎት ነበር?"

ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው የቆመው። አውቃ ከሆነ ወንጀል ነው፣ ተሳስተው አሳስተዋት ከሆነ ነፃ ናት። የስልኩን ነገር ከመታሰሯ በፊት ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረችም። ሉዴላ በዚያ በደከመ ዓይኗ ትኩር ብላ ታየኛለች፣ ፊቷ ላይ ጥርጣሬ የለም። እንዲያውም ለዳኛው ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ይሄው ይነግራችኋል እንደማለት።

"አላስታውስም" አልኩ።

ሁለት ዓመት። ሲያስወጧት በአጠገቤ አለፈች። "ኢንሱሊኔ ፍሪጅ ውስጥ ነው። መብራቱን ሳይቆርጡት አውጣልኝ" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

አላወጣሁም። ቤቷ ለመግባት እግሬ እምቢ አለኝ።

ነሐሴ 21

ከእስር ቤት ደብዳቤ። ጽሑፉ የሷ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው የጻፈላት። ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቶ ይሆን? ፖስታውን አልከፈትኩትም።

መስከረም 30

ፓስተር ዊግፎል ከዲያቆናት ዝርዝር አወጣኝ። ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

ኅዳር 2

መረጥኩ።

ጠዋት ተላጨሁ፣ ለኮሪን ቀብር የገዛሁትን ከረባት አሰርኩ። ሰልፍ አልነበረም። መዝገብ የያዘችው ሴት ስሜን አገኘችው፣ ፈረምኩ፣ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ጥግ ላይ ቆሜ መነጽሬን አደረግሁ። ማንን ልምረጥ ብዬ ስንት ዓመት ሳወጣ ሳወርድ...

ለምክር ቤት፣ ስትሪብሊንግ። ሌላ ስም የለም። ለዳኝነት አንድ ስም። ለሸሪፍ አንድ ስም። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ለወረዳው ዐቃቤ ሕግ፣ ሆጅ። ተፎካካሪ የለውም።

ባዶ ትቼው መውጣት እችል ነበር። ማንም አያይም። ግን ባዶ ወረቀት ከጣልኩ ሉዴላን የበላኋት ለምንድነው? ለምን ነበር ታዲያ? እዚያው ቆሜ ብዙ አሰብኩ፣ ሴትዮዋ "ችግር አለ?" እስክትል ድረስ። የለም፣ አልኳት።

ክቡ ሙሉ በሙሉ ካልጠቆረ ድምፁ አይቆጠርም ይላል ከላይ። የሆጅን ሙሉ በሙሉ አጠቆርኩት።